ላፕቶፑ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዋይፋዩን እዚሁ አስነሱት

የዛሬው ጉዳይ ከወትሮው ፖለቲካችን ወጣ ያለ ነው። ቢሆንም ሰሞኑን እንደዚህ ርዕስ ስልክ ያስደወለብኝ ነገር የለም። አገር ቤት ስለምንልከው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ቁርጥ አድርጌ ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ሊኑክስ ተጭኖበት አገር ቤት ከገባ በኋላ ዋይፋይ አልይዝ ስላለ ላፕቶፕ። ቪዲዮው ላይ ነካ ነካ አድርጌው አልፌ ነበር፤ «በጽሑፍ ዘርዘር አድርግልን» ስላላችሁ ይኸው።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ኦክቶበር 14, 2025 ላይ አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13, 2026 የሚያቆይ ማራዘሚያ አለ፤ ማራዘሚያ ግን ያው ማራዘሚያ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 ልለፍ ሲሉ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከጥቂቶቹ በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እንግዲህ ከ2017 በፊት የተሠራው ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል በር ላይ ይመለሳል። ሞተሩ ደህና፣ ጎማው ደህና፣ ኢንስፔክሽን ግን አላለፈም እንደተባለ መኪና ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያልተቀመጠበት የሐበሻ ቤት በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ጥቂት ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ሰው ሼዲ ግሮቭ ወስዶ ቢሰጠው ካውንቲው ኤሌክትሮኒክስ ይቀበለዋል። እኔ ግን አትጣሉት ባይ ነኝ። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሲስተም 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ደህና አድርጎ ይሠራል። አገር ቤት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። በጁላይ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ነው የሚሰጠው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በተዋሰው ስልክ ኮድ የሚማር ልጅ አለ። ለእሱ ያ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ትልቅ ነገር ነው። ዋይፋዩ ከሠራ!

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ከአሌክሳንድሪያ የደወለችልኝ አንዲት እህታችን ናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለምትማር ለወንድሟ ልጅ ላፕቶፕ ላከች። ሚንቱን የጫነላት አንድ የሚያውቅ ወጣት ነው፤ ቤቱ በኔትወርክ ገመድ አያይዞ ጫነው፣ ዩቲዩብ ተከፈተ፣ ሁሉም ሠራ፣ ተዘግቶ በሰው እጅ ተላከ። ደብረ ብርሃን ላይ ሲከፈት የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የለም። ልጅቷ ስትደውል «ድራይቨር አውርጂ» ተባለች። በምን ታውርድ? ዋይፋዩ እንዲነሳ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት እንዲመጣ ዋይፋዩ መነሳት አለበት። እኛ እዚህ ከሥራ ስንገባ እዚያ ሌሊት ነው፤ በስልክ መረዳዳቱም አልሆነም። መጨረሻ ላይ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው፤ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ተብላ ዋጋ ተነገራት። ካርዱ አልተቃጠለም ነበር። ችግሩ ምን እንደሆነ ለማየት ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

የዋይፋይ ካርድ ማለት ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ የተሰካች ቴምብር የምታክል ሰሌዳ ናት። እሷ መኪናዋ ናት እንበል። መኪና ብቻውን አይሄድም፤ ድራይቨር ይፈልጋል። (እዚህ ላይ እኛ የካብ ሰዎች ደረታችንን ብንነፋ አይፈረድብንም፤ የኮምፒውተሩም ድራይቨር ሥራው ያው ሹፌርነት ነው።) ሲስተሙ «ይህን መረጃ ላክ» ሲል መሪውን የሚይዘው ድራይቨሩ ነው። ሹፌሩ መጥቶም መኪናው ላይነሳ ይችላል፤ ቁልፍ የለውማ! ያ ቁልፍ ፈርምዌር ይባላል፤ ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ካርዶች ፈርምዌሩን በውስጣቸው ይዘው አይቆዩም፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ድራይቨሩ ነው ወደ ካርዱ የሚጭነው። ሹፌርም ቁልፍም ኖሮ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ የእጅ ፍሬኑን ማየት ነው። ካርዱም ፍሬን አለው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አለ፤ ሹፌሩን «መታወቂያህን አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል። እሱ ሴኪዩር ቡት ነው፤ እደርስበታለሁ።

«ታዲያ ዊንዶውስ ላይ እንዴት ይሠራ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለዊንዶውስ ሹፌሩን ቀጥሮ የሚልከው ካርዱን የሠራው ኩባንያ ራሱ ነው። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲጀምረው ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩበት ቢሆንም፣ ያኔ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነበር የቆመው። የዋይፋይ ኩባንያዎች ደግሞ የካርዳቸውን አሠራር በምስጢር ይይዙ ነበር።

ከሁሉ የሚታወቀው የብሮድኮም ታሪክ ነው። ብሮድኮም በብዙ ላፕቶፖችና በአፕል ማክቡኮች ውስጥ የሚገባውን ካርድ ይሠራል፤ ለሊኑክስ ግን ለዓመታት መረጃ አልሰጠም። በጎ ፈቃደኞቹ ምን አደረጉ? የኩባንያውን ድራይቨር እየፈቱ፣ ከካርዱ ጋር የሚነጋገረውን እያዩ፣ የራሳቸውን ድራይቨር ከባዶ ጻፉ። በ2006 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። ከርነል ማለት የሲስተሙ እምብርት ነው፤ አብዛኞቹ ሹፌሮች የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ተገኘ፣ ቁልፉ ግን አሁንም የብሮድኮም ንብረት ነው፤ ፈርምዌሩን ማባዛት ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ተሠራ። ተጠቃሚው የኩባንያውን ፋይል ራሱ ያወርዳል፣ ፕሮግራሙ ከዚያ ፋይል ውስጥ ፈርምዌሩን ቆርጦ ያወጣለታል። የሐበሻ ብልሃት ይመስላል፣ አይደል? በሴፕቴምበር 2010 ብሮድኮም ለአንዳንድ ካርዶቹ ክፍት የሆነ ድራይቨር አወጣ። ሁሉንም ግን አይሸፍንም። ከ2013 እስከ 2015 የተሠሩት ብዙዎቹ ማክቡኮች ዛሬም የሚሠሩት ኩባንያው በዘጋው ድራይቨር ነው። ያ ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ተጭኖ አይመጣም፤ «ይጫንልኝ» ብላችሁ መምረጥ አለባችሁ። ደብረ ብርሃን የደረሰውም ላፕቶፕ ካርዱ የዚህ ዓይነት ነበር። መኪናው ደህና፣ ሹፌሩ ግን አልተጠራም።

ይህ የፈርምዌር ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ያቺን ነጭና አረንጓዴ ትንሽ ላፕቶፕ የምታስታውሱ አላችሁ? «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩትን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን አስገብቶ ነበር። የምትሠራው በሊኑክስ ነው። ውስጧ የነበረው የማርቬል ኩባንያ የዋይፋይ ቺፕ ግን ፈርምዌሩ ዝግ ነበር፤ በ2006 ከነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ብዙ ወቀሳ አስነስቷል። ደቢያን የሚባለው ትልቁ የሊኑክስ ቤተሰብ ደግሞ «ዝግ ነገር ከነጻው ጋር አልቀላቅልም» ብሎ ፈርምዌሮቹን ከመጫኛው ውጪ ያስቀምጥ ነበር። ተጠቃሚው ሲሰቃይ ኖሮ በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጡበት፤ በጁን 2023 ከወጣው ደቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ አብሮ ይመጣል። ስለ መርሕ የሚከራከሩትን አከብራለሁ። ሆኖም ዋይፋይ የሌለው ነጻነት ደብረ ብርሃን ላለች ተማሪ ምን ያደርግላታል?

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ሞክሩ። ሚንቱን 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ (ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ) ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሳላችሁ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ማክ ላይ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ገና ሲበራ መጫን ነው። ሚንቱ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይከፈትላችኋል። ከታች በቀኝ በኩል የዋይፋይ ምልክቱን ነክታችሁ የሰፈር ኔትወርኮች ከተዘረዘሩ እልል በሉ፤ ካርዳችሁ ችግር የለበትም። የኔትወርክ ገመድ ግን በፍጹም አትሰኩ። ያ ወጣት የተሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ በገመድ ኢንተርኔት ስላገኘ ዋይፋዩን ዞር ብሎም አላየው።

ምልክቱ ከሌለ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ። ላፕቶፑ ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ያላቸው አሉ፤ ሌሎቹ ከላይ ካሉት የኤፍ ቁልፎች አንዱ ላይ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል አላቸው። ልጆች ሲጫወቱ ተነክቶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቱና እነዚህን ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ አያይዛችሁ ጻፉ፦ አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል። ኢንተር በሉት። ከሚዘረዘሩት መካከል የዋይፋዩን መሥመር ፈልጉ። «ሶፍት» በሚለው ሥር ታግዷል ካለ በሲስተሙ የተዘጋ ነው፤ ያንኑ ቃል ጽፋችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ «አንብሎክ»፣ እንደገና ክፍተትና «ኦል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ይለቀቃል። «ሃርድ» በሚለው ሥር ከሆነ የተዘጋው በቁልፉ ወይም በማብሪያው ነው፤ ከዚያው መክፈት ነው እንጂ የምትጽፉት ምንም ነገር አይከፍተውም።

ፍሬኑ ካልሆነ የካርዱን ስም ማወቅ አለባችሁ። እዚያው ተርሚናል ላይ አምስት ፊደል፦ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ። ከዚያ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኬ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ የምንፈልገው «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ብቻ ነው። አጠገቡ የኩባንያው ስምና ቁጥር አለ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል ካለ ሹፌር ተገኝቷል። ከሌለ መኪናው ያለ ሹፌር ቆሟል። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል መሥመር ጭራሽ ከሌለስ? ያኔ ካርዱ ከሶኬቱ ወጥቶ፣ ወይም ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ፣ ወይም እውነትም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። «ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ ሲያጋጥማችሁ ይህን ዝርዝር አሳየኝ በሉት። ስሙ የሚታይ ካርድ «ተቃጥሏል» ከተባለ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለተኛ ሰው ይየው።

ስሙን ካወቃችሁ ነገሩ ይቀላል። ኢንቴል ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ኩባንያው ራሱ ለሊኑክስ ድራይቨር ይጽፋል፣ ፈርምዌሩም አብሮ ይመጣል። ኢንቴል እምቢ የሚለው ባብዛኛው ካርዱ ከጫናችሁት ሊኑክስ ይልቅ አዲስ ሲሆን ነው፤ መድኃኒቱ አዲሱን የሚንት እትም መጫን ነው። አቴሮስ የሚሉት የድሮ ካርዶችም ጥሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ፈርምዌር አይፈልጉም። ሪያልቴክ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ይበዛል፤ ከዓመታት በፊት አስቸጋሪ ነበር፣ ዛሬ ብዙዎቹ ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ ገብተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የካርዱን ቁጥር ፈልጋችሁ የምታገኙት መመሪያ አብዛኛው አሮጌ ነው። «ይህን ከዚህ አውርድ፣ ይህን ሃያ መሥመር ቅዳና ለጥፍ» ይላችኋል። ያኔ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን ከከርነሉ ድራይቨር ጋር ተጋጭቶ የሚሠራውንም ያበላሻል። የተጻፈበትን ዓመት ሳታዩ ምንም አትለጥፉ። የማያውቁት ሰው የሰጠውን ትእዛዝ በፓስዎርድ ማስኬድ ቁልፍ ከነመኪናው እንደመስጠት ነው።

ብሮድኮም ከሆነ ሚንት ሜኑ ውስጥ «ድራይቨር ማናጀር» የሚለውን ትከፍታላችሁ፤ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ይባላል። ካርዳችሁን አይቶ የሚስማማውን ያቀርብላችኋል፤ ትመርጡታላችሁ፣ «አፕላይ» ትላላችሁ፣ ሲጨርስ ሪስታርት። በቃ። ዋናው ችግር መጫኑ አይደለም፤ ለመጫን ኢንተርኔት መፈለጉ ነው። የደብረ ብርሃኗን ልጅ ያሰራትም እሱ ነበር።

መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴተሪንግ ከሚለው ገብታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ማብራት ነው። ገመዱ ሳይሰካ ያ ምርጫ አይበራም። ሊኑክሱ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ለላፕቶፑ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ነው፤ የሞባይል ዳታ አይበላም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም ካፌ ቁጭ ብላ ያለ ምንም ወጪ ማውረድ ትችላለች። ዋይፋይ ከሌለም ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ፓኬጅ ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ድራይቨሩ ብቻውን ትንሽ ነገር ነው። አይፎንም በዩኤስቢ ያካፍላል፣ እሱ ግን የሞባይል ዳታውን ነው የሚሰጠው። ገመዱ መረጃ የሚያስተላልፍ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፤ ተሰክቶ ምንም አልመጣ ካለ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ገመዱን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፍላሹ ነው። ሚንት የተጫነበትን ፍላሽ አታጥፉት። የቅርብ ጊዜዎቹ የሚንት እትሞች ላይ ድራይቨር ማናጀር ኢንተርኔት ሲያጣ የመጫኛውን ፍላሽ እንድትሰኩለት ይጠይቃል፤ የብሮድኮሙን ድራይቨር ከዚያው አውጥቶ ይጭናል። አያችሁ፣ የዚያች ልጅ ችግር እዚህ ከእኛ መሳቢያ ውስጥ በቀረ ፍላሽ ሊፈታ ይችል ነበር። ያለቀላት ግን በታናሽ ወንድሟ ስልክ ነው፤ በቴሌግራም የስክሪኑን ፎቶ እየላከች፣ ገመዱ ተሰክቶ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዋይፋዩ ተነሳ። ጠጋኙ የጠየቀውም ገንዘብ ለዩኒፎርምና ለደብተር ዋለ ብላኛለች አክስቷ።

አሁን ወደ ዘበኛው። ከ2012 ገደማ ወዲህ የተሠሩ ብዙዎቹ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ሴኪዩር ቡት አላቸው፤ ማንነቱ በፊርማ ያልተረጋገጠ ድራይቨር እንዳይነሳ ይከለክላሉ። ከርነሉ ውስጥ ያሉት ፊርማ አላቸው። እንደ ብሮድኮሙ ያለ ከውጭ የሚጫን ግን እዚያው ላፕቶፑ ላይ የሚዘጋጅ ስለሆነ የራሱን ቁልፍ ማስመዝገብ አለበት። ስትጭኑት «ፓስዎርድ አውጣ» ይላችኋል። ከዚያ ሪስታርት ስታደርጉ አንድ ጊዜ ብቻ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ብዙ ሰው ቫይረስ መስሎት ይደነግጣል። ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚጠብቃችሁ። ማንኛውንም ቁልፍ ነክታችሁ ትገባላችሁ፣ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ «ኮንቲኒው» እና «የስ» ትላላችሁ፣ ያንን ፓስዎርድ ታስገባላችሁ። ስክሪኑ ካለፋችሁ ድራይቨሩ «ተጭኗል» እየተባለ ዋይፋዩ አይነሳም፤ ምክንያቱንም ማንም አይነግራችሁም። የዚህን ጊዜ ድራይቨሩን አስወግዶ እንደገና መጫን፣ ስክሪኑንም ነቅቶ መጠበቅ ነው። ሴኪዩር ቡቱን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል፤ ለአሮጌ የተማሪ ላፕቶፕ እኔ አልቃወመውም። ዋናው ነገር ይህ ሪስታርት እዚህ እናንተ ቤት መደረግ አለበት። ድራይቨሩን ጭናችሁ፣ ላፕቶፑን ዘግታችሁ፣ በቀጥታ ወደ ደለስ ኤርፖርት ከላካችሁት ሰማያዊው ስክሪን መጀመሪያ የሚታየው ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ወይም ጅማ ላይ ነው። ፓስዎርዱን ደግሞ የሚያውቀው እዚህ ያለው ሰው ብቻ ነው።

አገር ቤት ከደረሰ በኋላ ሊመጣ የሚችል ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያስተውል ሰው ትንሽ ነው። «ካፌ ውስጥ ይሠራል፣ ቤት ግን የኛን ዋይፋይ አያየውም» የሚል ስሞታ ከመጣ ላፕቶፑን አትውቀሱ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ዋይፋይ በቁጥር በተለዩ መሥመሮች ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራባቸው ከ1 እስከ 11 ያሉት ናቸው፤ በብዙ ሌሎች አገሮች ግን 12 እና 13ም ክፍት ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካርድ 12 እና 13ን ላያይ ይችላል። ቤት ያለው ራውተር በራሱ ጊዜ 13 ላይ ከተቀመጠ፣ ስልኮቹ ሁሉ ሲያዩት ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕ አያየውም። ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ እንዲያደርጉት ንገሯቸው።

ሲስተሙ ከታደሰ በኋላ ዋይፋይ የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ ከውጭ የተጫነ ድራይቨር አዲሱን ከርነል አልስማማ ሲለው ማለት ነው። አሮጌው ከርነል ግን አልጠፋም። ላፕቶፑ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን መምረጥ ነው፤ ዋይፋዩ ከነበረበት ይገኛል።

ሁሉም ተሞክሮ ብሮድኮሙ ካልሆነላችሁስ? ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ገዝታችሁ ጎኑ ላይ መሰካት ይቻላል። ሳጥኑ ላይ «ሊኑክስ» ስላለ ብቻ ግን አትግዙ፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። ሆድ ውስጥ ያለውን ካርድ በኢንቴል መለወጥም አለ፤ ነገር ግን የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮሳቸው የፈቀደውን ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፣ ሌላ ስትሰኩባቸው አልነሳም ይላሉ። የእናንተ ሞዴል ከነዚያ መሆን አለመሆኑን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ስለዚህ ላፕቶፕ ልትልኩ ካሰባችሁ ሚንቱ ከተጫነ በኋላ ከቤት ወጣ በሉ። ዌይን አቬኑ ላይ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ነጻ ዋይፋይ አለው፤ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ገመድ ክፈቱት፣ ከማታውቁት ኔትወርክ ጋር አገናኙት። ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አድሱት፤ እዚህ በደቂቃዎች የሚወርደው እዚያ የልጁን ፓኬጅ ይጨርሳል። እግረ መንገዳችሁን የአማርኛ ኪቦርዱንም ጨምሩ። ከዚያ አጥፍታችሁ አብሩት፣ እንደገና አጥፍታችሁ አብሩት። ሁለቴም ዋይፋዩ በራሱ ከያዘ ዝግጁ ነው። ሻንጣው ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር ቻርጀሩ፣ የመጫኛው ፍላሽ፣ መረጃ የሚያስተላልፍ የስልክ ገመድ፣ ፓስዎርዶቹና የካርዱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይግቡ። ሰማያዊው ስክሪን ምን እንደሚመስልና የትኛውን ቁልፍ እንደምትነኩ በሚቀጥለው ቪዲዮ አንዱን ላፕቶፕ ከፍቼ አሳያችኋለሁ።